ትእዛዝና ምላሽ፤ ከጎንደር አደባባይ እስከ ምስለ በረራ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በሁለት ሰዎች መካከል የሚመላለስ አጭር ቃል ነው። አንደኛው ሰው በምድር ላይ በአይሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ከደመና በላይ አይሮፕላን ይነዳል። ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ብዙዎቹም በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይገናኙ ይኖራሉ። ነገር ግን የብዙ መንገደኞች ሕይወት የተመካው በመካከላቸው በሚመላለሰው ቃል ነው።

ይህ ቃል በዘመናችን አዲስ ሰሚ አግኝቷል። ምስለ በረራ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ይኸውም አብራሪዎች ከምድር ሳይነሡ በረራን የሚለማመዱበት ነው። እነሆ፥ በዚህ መሣሪያ ውስጥ የተቆጣጣሪውን ድርሻ ወስዶ በድምፅ የሚያዝዝ፥ የአብራሪውንም ቃል ሰምቶ የሚመልስ ኮምፒዩተር ተሠርቷል። የዚህን አዲስ ነገር ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን አስቀድሞ የቃሉን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩንም ከጎንደር ብንጀምረው የሚያስተምረን ብዙ ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተቀመጡ ወዲህ የነገሥታቱ ቃል ለሕዝብ ይደርስ የነበረው በአዋጅ ነው። ከግቢው ውጭ ባለው አደባባይ ነጋሪት ይጐሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም የንጉሡን ቃል ያሰማል። አዋጅ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ቃል ነው። ሰሚው ሰምቶ ይበተናል እንጂ፥ «ምን ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቃሉ ከአደባባይ ወደ ወገራ፥ ከወገራም ወደ ስሜን ሲደርስ ቢጐድል ወይም ቢጨመርበት፥ ስሕተቱ የሚታወቀው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

በዚያው ከተማ ግን ሌላ የቃል ሥርዐት ነበረ፤ ዛሬም አለ። እርሱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነው በጎንደር በዓታ መምህሩ ቃሉን ያሰማል፤ ተማሪው የሰማውን ይደግማል፤ መምህሩም የተማሪውን ድጋሚ ያደምጣል። ስሕተት ቢያገኝ ያርማል፤ ተማሪውም እንደ ገና ይላል። በትምህርቱ ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ታናሹን ያስቀጽለዋል፤ ማለት ደጋግሞ ያስጠናዋል። እንግዲህ ቃሉ ተላለፈ የሚባለው መምህሩ በተናገረ ጊዜ አይደለም፤ ከተማሪው አፍ ሳይጐድል ተመልሶ በሰማው ጊዜ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የአየር ጉዞ ደኅንነት የቆመበት ሕግ ይኸው ነውና።

የመጀመሪያው አይሮፕላን በአዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፥ የነዳውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን ለማብረር በቁ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከነበሩት አይሮፕላኖች አብዛኞቹ ከምድር ጋር በድምፅ የሚነጋገሩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። አብራሪው መንገዱን የሚያውቀው ወንዝና ተራራ፥ ሐይቅና የባቡር ሐዲድ እያየ ነበር።

የጎንደር ሰማይም የዚያን ዘመን ዝምታ አይቷል። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ አዘዞ የአይሮፕላን ማረፊያ ሆነች። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት ፍጻሜ ጄኔራል ናሲ የቀረውን ሠራዊቱን ይዞ በጎንደር ዙሪያ መሸገ። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ግላዲያተር በተባለ አይሮፕላን የሚበርር የደቡብ አፍሪካ መኰንን፥ ፊያት ሲ.አር.42 የተባለውን የኢጣልያ አይሮፕላን አምባዞ አጠገብ መትቶ ጣለው፤ ኢጣልያዊውም አብራሪ ሞተ። ከዚህ በኋላ የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች የሟቹን ጀግንነት የሚያከብር አጭር ጽሑፍ ከአይሮፕላን ላይ በጠላት ይዞታ ጣሉ። ሥራው የወታደር ጨዋነት ነው። ዳሩ ግን ጽሑፉ በነፋስ ተወስዶ ገደል ይግባ፥ ወይም ለባለቤቶቹ ይድረስ፥ የላከው ሰው ከሰማይ ሆኖ የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጎንደር ምሽግ እጁን ሰጠ፤ የጠላትም ጦርነት በዚሁ ተፈጸመ።

በሌላው ዓለም ደግሞ ምድርና ሰማይ በምልክት መነጋገር ከጀመሩ ቈይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 አርቺ ሊግ የተባለ አሜሪካዊ በሴንት ሉዊስ የአይሮፕላን ማረፊያ ሁለት ባንዲራ ይዞ ይቆም ጀመር፤ አንደኛው «ሂድ»፥ ሁለተኛው «ቁም» የሚል ነበር። በዓመቱ በክሊቭላንድ ከተማ የሬዲዮ መሣሪያ ያለው መቆጣጠሪያ ማማ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ባንዲራው ለድምፅ ቦታውን ለቀቀ። የጥንቱ ምልክት ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ሬዲዮ ቢበላሽ ዛሬም ማማው ለአይሮፕላኑ በመብራት ይናገራል፤ የማይቋረጥ አረንጓዴ መብራት ለማረፍ ለተቃረበው «ማረፍ ተፈቅዶልሃል» ማለት ነው።

ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፥ እ.ኤ.አ. በ1944፥ መንግሥታት በቺካጎ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽንን የጋራ ሕግ አወጡ፤ ኢትዮጵያም በጉባኤው ተገኝታለች። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላኑ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዛዥ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአይሮፕላን አዛዥ ሆነው በመብረራቸው ይህ ታሪክ ተለወጠ። ጎንደርም ከአክሱም፥ ከላሊበላና ከባሕር ዳር ጋር ጐብኚዎች በአይሮፕላን የሚሄዱበት የታሪክ መንገድ አንዱ ማረፊያ ሆነች።

አሁን የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በአንድ ሰማይ ላይ መነጋገር ግድ ሆነባቸው። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የእንግሊዝኛ ቋንቋ የጋራ መነጋገሪያ ሆነ፤ ነገር ግን እንግሊዝኛን ሁሉ ሰው በየአፉ ልማድ ይናገረዋል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ፊደላትን በቃል የሚያስጠራ ዝርዝር አዘጋጀ። ቃላቱን ከመቁረጡ በፊት በ31 አገሮች ተወላጆች አፍና ጆሮ አስፈትኖ፥ ዝርዝሩን ከየካቲት 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለው። በዚህ ዝርዝር መሠረት «ኤ» አልፋ፥ «ቢ» ብራቮ፥ «ጂ» ጎልፍ ይባላል። የጎንደር ማረፊያም በዓለም አቀፍ መዝገብ በአራት ፊደላት ሲጠራ ሆቴል፥ አልፋ፥ ጎልፍ፥ ኖቬምበር ይሆናል።

ለቍጥሮችም ልዩ አነጋገር ተደነገገ። ሦስት «ትሪ»፥ አራት «ፎወር»፥ አምስት «ፋይፍ»፥ ዘጠኝ «ናይነር» እንዲባሉ ታዘዘ። ይህ አነጋገር ለአማርኛ ተናጋሪ በአጋጣሚ የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዞች ሦስትን ሲጠሩ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል የሚያወጡበት ድምፅ በአማርኛ የለም፤ በአምስት መጨረሻ ላይ ያለው «ቭ»ም ከውጭ ቃላት ጋር የመጣብን ነው። ሕጉ የመጀመሪያውን በ«ት»፥ ሁለተኛውን በ«ፍ» ስለ ለወጠው፥ ከጎንደር የተነሣ ወጣት እነዚህን ቍጥሮች ከለንደን ተወላጅ ባላነሰ ጥራት ሊጠራቸው ይችላል። ሰባት ግን ከነ«ቭ»ው ቀርቷል።

ስለ ቍጥር ይህን ያህል የምንጨነቀው ስለ ምንድር ነው? የሰሜን ጎንደርን ምድር የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቃል። በአዘዞ ያለው የዐፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ምድሩ በወገራ አድርጎ ወደ ስሜን ይወጣል፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በሊማሊሞም በኩል ደጋው በአንድ ጊዜ ወደ ቈላ ይወርዳል። በክረምት ደመናው ተራራውን ሲሸፍነው አብራሪው ከፍታውን የሚያውቀው በመሣሪያው ነው፤ መሣሪያውም የሚስተካከለው ከምድር በሚነገረው የአየር ግፊት ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር በ10 ሄክቶፓስካል ብቻ ቢሳሳት አይሮፕላኑ ካለበት ከፍታ ወደ 90 ሜትር ያህል የራቀ ያስመስለዋል። ለሚያርፍ አይሮፕላን 90 ሜትር ብዙ ነው።

የቃል ስሕተት ምን እንደሚያደርስ ዓለም በደም ተምሮታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1989 አንድ የጭነት ቦይንግ 747 ወደ ኳላ ላምፑር ሲቃረብ፥ ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርድ በእንግሊዝኛ «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎ አዘዘው። በዚያ ቋንቋ «ሁለት» የሚለው ቍጥርና «ወደ» የሚለው ቃል በጆሮ አንድ ናቸው። አብራሪው «ወደ 400» እንደ ተባለ አድርጎ ሰማ፤ «ፎር ዜሮ ዜሮ» ብሎም መለሰ። ተቆጣጣሪው ምላሹን አላረመም። አይሮፕላኑ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎች ሞቱ። ትእዛዙ ተሰጥቶ ነበር፤ ምላሹም ተመልሶ ነበር፤ ጐድሎ የተገኘው ግን ሦስተኛው ነገር፥ ምላሹን ማድመጥ ነው።

ከዚያ በፊት፥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977፥ በስፔን ይዞታ በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በአንድ ሜዳ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ለዚህ እልቂት ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ለሁለት ትርጕም የሚመች ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ «መነሣት» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፥ በሌላ ጊዜ ግን በሌላ ቃል እንዲተካ ሥርዐት ሆነ። የቋንቋ ችሎታም እንደ ማብረር ችሎታ እንዲፈተን ተወሰነ፤ ከየካቲት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚነጋገሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ቢያንስ አራተኛውን የቋንቋ ደረጃ ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

ይህን ሁሉ አብራሪው የሚለማመደው የት ነው? በሰማይ ቢለማመድ ስሕተቱ ያስቀጣዋል። ስለዚህ ምስለ በረራ ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፥ አባቱ ኦርጋን በሚሠሩበት ፋብሪካ ያደገ፥ በኦርጋን ወናፍ የምትወዛወዝ ትንሽ አይሮፕላን መሳይ ሠራ። መጀመሪያ ብዙ ሰው እንደ መጫወቻ ቈጠራት። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር ፖስታ በአይሮፕላን እንዲያመላልስ በታዘዘ ጊዜ ብዙ አብራሪዎች በክፉ አየር ስላለቁ፥ ጦሩ ስድስቱን መሣሪያ ገዛ። ተማሪው ክዳን ተዘግቶበት በመሣሪያ ብቻ ያበርራል፤ አስተማሪው በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ፥ የተማሪውን መንገድ በካርታ ላይ እየተከታተለ፥ በማዳመጫ ያነጋግረዋል። እንግዲህ የተቆጣጣሪ ድምፅ ወደ ምስለ በረራ የገባው ገና ከጥንቱ ነው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትምህርት ቤት፥ የዛሬው የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ፥ ልዩ ልዩ ምስለ በረራዎች አሉት። ከእነዚህም አንዱ ወደ ጎንደር የሚመላለሰው የኪው 400 አይሮፕላን አምሳያ ነው። በእንደዚህ ያለው ክፍል ውስጥ አስተማሪው እንደ ልማዱ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ያስተምራል፤ ጕድለቱን ይመዘግባል፤ በዚያም ላይ የተቆጣጣሪውን ድምፅ ሆኖ ይናገራል። በተቆጣጣሪዎች ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ በሌላ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች አብራሪ መስለው ለተማሪው ትእዛዝ ይመልሱለታል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሰውም ያስፈልገዋል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቦታ እንዲይዝ የታሰበው ስለዚህ ነው።

የሚሰማ መሣሪያ አሳብ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቍጥሮች በድምፅ የሚለይ መሣሪያ ሠሩ። የለመደውን ሰው ድምፅ በሚገባ ይሰማ ነበር፤ የእንግዳ ሰው ድምፅ ሲሆን ግን ይስት ነበር። ይህ ጕድለት እስከ ዛሬ የሚሰሙትን መሣሪያዎች ሁሉ ሲከተል የኖረ ነው።

የዛሬው አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። አብራሪው የመነጋገሪያውን ቍልፍ ተጭኖ ይናገራል። ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከሰከንድ መቶኛ በማይበልጥ ርምጃ እየከፋፈለ፥ እያንዳንዱ ክፍል የትኛውን ድምፅ እንደሚመስል ያሰላል። ከዚያ የአይሮፕላኑን መጠሪያ፥ የትእዛዙን ዐይነትና ቍጥሩን ይለያል። የአየር ቋንቋ ቃላቱ ጥቂት፥ አቀማመጡም የተወሰነ ስለ ሆነ ሥራውን ያቃልልለታል። ከዚህም በላይ አይሮፕላኑ የት እንዳለ ስለሚያውቅ፥ ሊነገር የሚችለውን አስቀድሞ ይገምታል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ገደማ ጀምሮ የጀርመን የአየርና የሕዋ ምርምር ማዕከል በዚህ መንገድ ሠርቷል፤ በኋላም ማሎርካ በተባለው የአውሮፓ ጥናት መሣሪያው ከፕራግና ከቪየና ተቆጣጣሪዎች ድምፅ እንዲማር ተደርጓል። ይህ የተደረገው ሌላ ቦታ የተማረ መሣሪያ የቦታውን አነጋገርና የቦታውን ስም ስለሚስት ነው።

ጥበቡ ወደ ግል ቤትም ገብቷል። ማይክሮሶፍት የበረራ ማስመሰያውን እ.ኤ.አ. በ1982 ካወጣ ወዲህ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ሆነው ያበርራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ቫትሲም በተባለው ማኅበር ፈቃደኛ ሰዎች ራሳቸው ተቆጣጣሪ እየሆኑ በድምፅ ያዝዛሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታትም የሰውን ድርሻ ለኮምፒዩተር የሚሰጡ ፕሮግራሞች ወጥተዋል። ስለዚህ በጎንደር የሚኖር ወጣት ኮምፒዩተርና ማዳመጫ ካለው፥ ውድ የሆነውን የበረራ ሰዓት ሳይከፍል፥ የአዘዞን ሜዳ በፊቱ አድርጎ ምላሱንና ጆሮውን ማሠልጠን ይችላል። ሺህ ጊዜ ቢሳሳት የሚታዘበው የለም፤ መሣሪያውም አይሰለችም። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ሁለት አደጋ ልንጠነቀቅ ይገባናል። አንደኛው የአነጋገር ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ተከታትለው የሚመጡትን ተነባቢዎች በመካከላቸው ድምፅ እያስገባ ያላላቸዋል፤ አንዳንዱን ፊደል ያጠብቃል። የሰው ጆሮ ይህን ለምዶ ይረዳል። የሌሎችን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ያደገ መሣሪያ ግን ትክክለኛውን ቃል እንደ ስሕተት ይቈጥራል። በዚህ ጊዜ ተማሪው ቃሉን ሳይሆን መሣሪያውን ደስ የሚያሰኘውን አነጋገር ይማራል፤ ወይም ተስፋ ቈርጦ ይተወዋል።

ሁለተኛው አደጋ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በጣም የሚረዳም መሣሪያ ያጠፋል። ኮምፒዩተሩ ሊነገር የሚገባውን አስቀድሞ ስለሚገምት፥ ተማሪው ቃሉን ቢያጐድል እንኳ እንደ ሙሉ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ተማሪውም ጕድለቱን ሳያውቅ ያድጋል። የኳላ ላምፑርን ነገር አስቡ። በዚያ ያጠፋው ጆሮ ምላሹን ልክ እንደ ሆነ አድርጎ የተቀበለ ጆሮ ነው። ገምቶ የሚቀበል መሣሪያም ያንኑ ጆሮ ይመስላል።

የሰው ጆሮ ደግሞ ከቃሉ በላይ ይሰማል፤ ድካምን፥ ድንጋጤን፥ ዝምታንም ይሰማል። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ቦይንግ 737 የመውረጃውን ስፍራ በከፍታ አልፎ ሄደ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ አልነበረም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው እንደ ነበረ በዜና ተገለጠ፤ አይሮፕላኑ ግን ኋላ በደኅና አረፈ። ያልተመለሰ ጥሪም መልእክት ነው፤ ይህንንም ሠልጣኞቻችን ሊማሩት ይገባል።

የአማርኛን ድምፅ ለመሣሪያ የማስተማሩ ሥራ ከተጀመረ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰሎሞን ተፈራ አባተ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ100 ተናጋሪዎች የተቀዳ 20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንባብ አዘጋጅተው ለጥናት አቅርበዋል። እንዲህ ያለው ትጋት ለአየር ቋንቋችንም ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች እንግሊዝኛ፥ በየአነጋገራቸው፥ በሚመለከታቸው ፈቃድ ተቀድቶ ቢከማች፥ ጎንደርና ደባርቅ፥ ስሜንና ሊማሊሞ የሚሉትም ስሞች ቢገቡበት፥ መሣሪያው የእኛን ጆሮ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተቋቋመው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለእንደዚህ ያለው ሥራ ቅርብ ነው። ይህን ሳናደርግ መሣሪያውን ብቻ ገዝተን ብናስቀምጥ፥ ልጆቻችንን በማያውቃቸው ዳኛ ፊት ማቆም ይሆናል።

እንግዲህ ፍርዱ እንደምን ይሁን? የጎንደር ትምህርት ቤት መልሱን ካስቀመጠልን ብዙ ዘመን ሆኗል። በዚያ አስቀጻይ አለ፤ መምህርም አለ። አስቀጻዩ ከታናሹ ተማሪ ጋር ሌሊቱን ሁሉ ሲደግም ያድራል፤ ድካሙም የሚመሰገን ነው። የምስክሩን ቃል የሚሰጥ ግን መምህሩ ነው፤ ተማሪው ቢስት ተጠያቂው እርሱ ነውና። ኮምፒዩተሩም ለአብራሪዎቻችንና ለተቆጣጣሪዎቻችን ትጉ አስቀጻይ ይሁን። ትእዛዝ ይስጥ፤ ምላሽ ይቀበል፤ ደጋግሞ ያለማምድ። ሠልጣኙ ለሰማይ መብቃቱን የሚመሰክረው ግን ምላሹን እስከ መጨረሻው ቍጥር የሚያደምጥ፥ ስሕተቱንም የሚያርም፥ ኀላፊነቱን በስሙ የሚፈርምበት ሰው ይሁን።